«ምድሩን በረገጡበት ሰማዩን ይሸከሟል»፦ ስለ አንድ የኢንዶኔዥያ ምሳሌያዊ አነጋገር

ጥያቄ፦ «ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ከአንዲት ኢንዶኔዥያዊት ጋር እሠራለሁ። ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመታት የቆየች፣ በዕድሜም የምትበልጠኝ ናት። መጀመሪያ ሰሞን በቤቱ ሥርዓት በተናደድሁ ቁጥር ‹ዲ ማና ቡሚ ዲፒጃክ፣ ዲ ሲቱ ላንጊት ዲጁንጁንግ› ትለኝ ነበር። በዓረብኛ ልታስረዳኝ ብትሞክርም ‹መሬት፣ ሰማይ› ከማለት አላለፈችም። ምን ማለት ነው? ዝም ብለሽ ተገዢ እያለችኝ ነው ወይስ እያጽናናችኝ? በቅርቡ ለዘለቄታው ወደ አገሯ ትመለሳለች። በስንብት ስጦታዋ ላይ ይህንኑ ምሳሌ ልጽፍላት አስቤአለሁ፤ ይሆናል?»

ምላሽ፦

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ባልደረባዎ አላዋረደችዎትም፤ «አንገትሽን ደፍተሽ ተገዢ» ማለቷም አይደለም። የነገረችዎት በአገሯ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን፣ ከቤቱ ርቆ ለሚሄድ ሰው እንደ ስንቅ የሚቋጠር ምክር ነው። ስጦታው ላይ ግን ባይጽፉት ይሻላል፤ ምክንያቱንና በምትኩ የሚሆነውን ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ። የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ በመካከል ጥቂት ብረዝም ይታገሡኝ።

ወደ አማርኛ ስመልሰው «ምድሩን በረገጡበት፣ ሰማዩን ይሸከሟል» እለዋለሁ። የሰው አገር ገብቶ መሬቱን የረገጠ ሰው ከዚያ መሬት በላይ የተዘረጋውን፣ ማለትም የሕዝቡን ወግ፣ ሕግና ክብር በራሱ ላይ ይይዛል ነው ነገሩ። መሬቱን ለእግር ወስዶ ሰማዩን መተው አይቻልም።

የእኛም አገር ሰው «እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ይላል። ሁለቱን አንድ ናቸው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልስማማም። የእኛው የብልህ መንገደኛ ምክር ነው። መልካውን ሳያውቅ የገባ ሰው ይወሰዳልና አሻጋገሩን ከአገሬው ተማር ይላል፤ የተያዘው ጉዳይ ነፍስን ማትረፍ ነው። ለዚህ የሚቀርበው የኢንዶኔዥያ ምሳሌ ሌላ ነው፤ «የፍየል በረት ከገቡ እንደ ፍየል ይጮኻሉ፣ የጎሽ በረት ከገቡ እንደ ጎሽ ያገሳሉ» ይላሉ፣ ግማሹን በቀልድ። የባልደረባዎ ምሳሌ ስለ ብልጠትም ስለ መትረፍም አንድ ቃል አይናገርም። የሚናገረው ስለ ክብር ነው፤ ይህንንም የሚያውቁት የመጨረሻውን ግሥ ሲመረምሩ ነው።

«ጁንጁንግ» ማለት በራስ ላይ፣ በአናት፣ መሸከም ነው። በጀርባ ወይም በትከሻ የሚሸከሙት ሌላ ሌላ ስም አለው። በሱማትራ ደሴት ምዕራብ ሴቶች ለድግስ የተዘጋጀ ምግብ በራሳቸው ላይ አድርገው፣ ተሰልፈው ሲሄዱ ይታያል። ባሊ ደሴት ላይ ደግሞ ፍራፍሬ እንደ ግንብ የተደረደረበትን መባ በራሳቸው ተሸክመው ወደ ቤተ መቅደስ ይወስዳሉ። በዚያ ዓለም ራስ የሰውነት ሁሉ የተከበረው ክፍል ነው። የአዋቂን ሰው ራስ መንካት ነውር ነው፤ በእግር ዕቃ መጠቆም ወይም የእግርን መዳፍ ለታላቅ ሰው ማሳየትም እንዲሁ። ስለዚህ በራስ ላይ የሚወጣው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይነገርም ይታወቃል። በጥንቱ የማላይ (የማሌዥያና የሱማትራ አካባቢ ሕዝብ) ቤተ መንግሥት የንጉሥን ትእዛዝ የተቀበለ ሰው «በራሴ ተሸክሜዋለሁ» ይል ነበር። የኢንዶኔዥያ ሙስሊሞች ዛሬም ነቢዩ መሐመድን በስብከትና በምርቃት «ጁንጁንጋን» ብለው ይጠራሉ፤ ከዚሁ ግሥ የወጣ ስም ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግሡ በአገሪቱ ታሪክ የተቀመጠበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1928 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከተለያዩ ደሴቶች የመጡ ወጣቶች ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ተሰብስበው የወጣቶች ቃል ኪዳን የሚባለውን ሦስት ዓረፍተ ነገር አወጡ። አገሪቱ ገና በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንድ የትውልድ ምድርና አንድ ሕዝብ እንዳላቸው «እናምናለን» ይላሉ። ሦስተኛው ስለ ቋንቋ ነው፤ እዚያ ላይ ግሡ ተለወጠ። የአንድነት ቋንቋን፣ የኢንዶኔዥያን ቋንቋ «እንጁንጁንጋለን» አሉ። መሠረቱ ማላይ የሆነው ይህ ቋንቋ ለአብዛኞቹ የአፍ መፍቻ አልነበረም፤ በተናጋሪ ብዛት የሚበልጠው የጃቫ ደሴት ቋንቋ፣ ጃቫኛ፣ ነበር፤ ከተሰብሳቢዎቹም በደች ቋንቋ መናገር የሚቀናቸው ነበሩ። ቢሆንም የእናታቸውን ቋንቋ ከአፋቸው አላወጡም፤ የጋራውን በራሳቸው ላይ አወጡት እንጂ። ባልደረባዎ ያንን ግሥ ስትናገር ከአንድ የሕፃናት ምሳሌ የሚበልጥ ነገር በአፏ ላይ ነበረ ማለት ነው።

ሌላም ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። በምሳሌው ውስጥ «አንቺ» የለችም፤ «አንተ»ም የለም። ሁለቱም ግሦች በተደራጊ የተነገሩ ናቸው፤ ምድር ይረገጣል፣ ሰማይ ይሸከሙታል፣ ማን እንደሆነ ግን አልተባለም። የኢንዶኔዥያ ቋንቋ ትእዛዝ መስጠት ያውቃል፤ «አድርጊ»ም «አታድርጊ»ም አለው። ባልደረባዎ ሊገሥጽዎት ብትፈልግ ቃል አታጣም ነበር። የመረጠችው አድራሻ የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። የጃቫ ሽማግሌ ወጣትን ሲያርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በሰውየው ላይ ጣት ሳይቀስር ነገሩን በመካከል ያስቀምጠዋል፤ ማንሣትና አለማንሣት የሰሚው ፋንታ ነው። ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር ከባድ ጥፋት በሆነበት አገር ምሳሌያዊ አነጋገር እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ ምንጩ እንሂድ። ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶችና ከ700 በላይ ቋንቋዎች ያሉባት አገር ስለሆነች «የኢንዶኔዥያ ምሳሌ» ሲባል የማን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህኛው የማላይ ቋንቋ ዓለም ሀብት ነው፤ ማሌዥያ ውስጥም በዚሁ ቃል ይነገራል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ግን ከምሳሌው ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው የምዕራብ ሱማትራ ሰዎች፣ ሚናንግካባው ናቸው። እነዚህን ሰዎች ያላወቀ ምሳሌውን ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሚናንግካባው ሙስሊሞች ናቸው፤ ዘር የሚቆጥሩት ግን በእናት በኩል ነው። በእናት ዘር ከሚቆጥሩ የዓለም ሕዝቦች በቁጥር ትልቁ እነሱ ናቸው። ጣሪያው እንደ ጎሽ ቀንድ ወደ ላይ የተቀለበሰው የዘመድ ቤትና የሩዝ ማሳው ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። በቀድሞው ሥርዓት ወንድ ልጅ ከፍ ሲል በእናቱ ቤት መኝታ አይሰጠውም ነበር፤ ሱራው በሚባለው የጸሎትና የትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ያድራል። ሲያገባ ደግሞ የሚገባው ሚስቱ ቤት ነው። እዚያም ቢከበር ባለቤት አይደለም። የአማችን ቦታ ሲገልጹት «በጉቶ ላይ እንዳለ አመድ» ይላሉ፤ እፍ ቢሉት የለም። እንግድነትን በገዛ መንደሩ የሚማር ወንድ ስለ እንግዳ ሥርዓት ምሳሌ ቢያበዛ ምን ይደንቃል?

ከዚህ ሥርዓት የሚወለደው ራንታው ነው፤ ዕውቀትና ሀብት ፍለጋ አገርን ለቆ መሄድ። ስደት እንዳልለው በውስጡ መባረር የለም፤ ወንድ ልጅ ሰው የሚሆንበት መንገድ ተደርጎ ነው የሚታየው። «ጎረምሳ አስቀድሞ ይሂድ፣ በቤት ገና አይጠቅምም» የሚል የታወቀ ግጥም አላቸው። የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት መሐመድ ሃታ በ1902 ቡኪቲንጊ የተወለደ፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሱታን ሻህሪር በ1909 ፓዳንግ ፓንጃንግ የተወለደ፣ ሁለቱም የዚህ ምድር ልጆች ናቸው። ሁለቱም እስከ ሆላንድ ሄደው ተምረዋል። ስም የሌላቸው ራንታው የወጡት ደግሞ ምግብ ቤት ከፍተዋል። ዛሬ የፓዳንግ (የምዕራብ ሱማትራ ዋና ከተማ) ምግብ ቤት የሌለበት የኢንዶኔዥያ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል፤ ትናንሽ ሳሕኖች ጠረጴዛውን ሞልተው ይደረደራሉ፣ የሚከፈለው ለተበላው ብቻ ነው። ጃቫ ላይ ሲሠራ በርበሬው ለጃቫ ምላስ ይለዝባል። ሬንዳንጉ ግን ሬንዳንግ ነው፤ በኮኮናት ወተት ለሰዓታት የተቀቀለው ሥጋ ስሙም አሠራሩም አይለወጥም። ሰማዩን ተሸክሞ ራስን አለመጣል እንዲህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ረመዳን ሲፈታ ደግሞ የአንድ መንደር ተወላጆች መኪና አሰልፈው በአንድነት ወደ ሱማትራ ይመለሳሉ፤ «ፑላንግ ባሳሞ» ይሉታል፣ አብሮ መግባት።

በሚናንግካባው አፍ ምሳሌው ተቀጥያ አለው፤ ምድር በተረገጠበት ሰማይ ይሸከሙታል ካሉ በኋላ «ውኃ በተቀዳበት፣ ጭራሮ በተሰበረበት» እያሉ ይቀጥላሉ። ብዙ ተርጓሚዎች ይህንን እንደ ጌጥ አይተው ያልፉታል፤ እኔ ግን ለሙሉው ምክንያት የሚሰጠው ይህ ይመስለኛል። ውኃቸውን ጠጥተሃል፣ እንጨታቸውን አንድደሃል፤ ዕዳው ከዚያ ይመጣል። አንድ እግር ያሳረፈ ጎብኚ ሳይሆን እዚያው ቀድቶ፣ እዚያው አንድዶ የሚኖር ሰው ነው የተያዘው። በሰው ቤት እየሠሩ፣ በሰው ማድቤት እያበሰሉ ለሚኖሩት ለእርስዎና ለባልደረባዎ ከዚህ የቀረበ አባባል ከወዴት ይገኛል?

እግረ መንገዴን አንድ ሌላ ልጨምር፤ እናት ራንታው ለሚወጣ ልጇ የምትለው ነው። ገበያ ከሄድህ ይህንን ዓሣ ግዛ፣ ያንንም ግዛ፣ ረጅሙን ዓሣ ግን አስቀድመህ ግዛ ትለውና ወደ ቁም ነገሩ ትመጣለች፤ «ልጄ፣ ራንታው ከሄድህ እናትም ፈልግ፣ ወንድም እኅትም ፈልግ፣ የሚያስጠጋህንና የሚያሠራህን ግን አስቀድመህ ፈልግ»። ቅደም ተከተሉ ጨካኝ ይመስላል፤ እውነት ግን ነው፤ የሰው አገር ውስጥ ከዘመድ በፊት ጣሪያና ሥራ ይቀድማል። ነገር ግን ዘመድ ፍለጋውም ግዴታ ነው። ባልደረባዎ እርስዎን በመምከሯ ያደረገችው ይህንን ይመስለኛል፤ በሰው አገር እኅት ሆነችዎት።

ባልደረባዎ ሚናንግካባው ላትሆን ትችላለች። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሥራ የሚሄዱት ኢንዶኔዥያውያት አብዛኞቹ ከምዕራብ ጃቫ፣ ከምሥራቅ ጃቫና ከሎምቦክ ደሴት ናቸው። ምሳሌውን ያወቀችው ከትምህርት ቤት ወይም ለተጓዥ ከሚሰጥ ምክር ይሆናል፤ ዛሬ የአገሪቱ ሁሉ ነው። ጃቫዊት ከሆነች በአፍ መፍቻዋ «ዴሳ ማዋ ቻራ፣ ነጋራ ማዋ ታታ» የሚል አላት፤ መንደር የራሱ ወግ፣ መንግሥትም የራሱ ሥርዓት አለው እንደማለት። የምዕራብ ጃቫ ሱንዳዊት ከሆነች «ቺሪ ሳቡሚ፣ ቻራ ሳዴሳ» ይላሉ፤ ለእያንዳንዱ ምድር ምልክቱ፣ ለእያንዳንዱ መንደር ወጉ። ሁለቱም ልዩነት መኖሩን ይመሰክራሉ። ሸክሙን የሚያመጣው የማላዩ ብቻ ነው።

የጥያቄዎ እምብርት «እያጽናናችኝ ነው ወይስ ተገዢ እያለችኝ» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ከቃላቱ ውስጥ አይወጣም፤ ምሳሌው ከማን አፍ እንደወጣ ማየት ይጠይቃል።

እንግዳው ራሱ ሲናገረው ትሕትናና ኩራት አንድ ላይ ነው። የኢንዶኔዥያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ወደ ገጠር መንደር ተልከው ሕዝቡን ያገለግላሉ። ሲደርሱ የቡድኑ መሪ ተነሥቶ ለመንደሩ ሹም ንግግር ያደርጋል፤ ይህ ምሳሌ የማይጠቀስበት እንዲህ ያለ ንግግር ብዙም አልሰማሁም። አዲስ ቦታ የተሾመ ባለሥልጣንም እንደዚሁ ይላል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ብሎ ይቆማል፤ ተሰብሳቢው «ዲ ሲቱ ላንጊት ዲጁንጁንግ» ብሎ ይጨርስለታል።

ባለአገሩ በእንግዳው ላይ ሲናገረው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ይህንን ሳልነግርዎት ባልፍ የምሳሌውን መልክ አሳምሬ ማታለል ይሆንብኛል። የሆላንድ ቅኝ ገዢዎች በ1905 የተጨናነቀችውን የጃቫን ገበሬዎች ወደ ደቡብ ሱማትራ ላምፑንግ ማስፈር ጀመሩ። ነጻዋ ኢንዶኔዥያም በፕሮግራሙ ቀጠለችበት፤ በፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ዘመን እጅግ ሰፋ። በመንግሥት ከሰፈሩት ሌላ በገዛ ፈቃዳቸው የሄዱም ብዙ ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል ወደ ካሊማንታን፣ የቦርኔዎ ደሴት የኢንዶኔዥያ ክፍል፣ የተሻገሩት የማዱራ ደሴት ሰዎች ይገኛሉ። በየካቲት 2001 በማዕከላዊ ካሊማንታን ሳምፒት ከተማ በአገሬው ዳያክና በማዱራዎቹ መካከል ግጭት ተነሣ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ማዱራዎች፣ ተገደሉ፤ ወደ 100,000 የሚጠጉ ማዱራዎች ሸሹ። በዚያን ጊዜ ከዳያክ ወገን በተደጋጋሚ የተሰማው ክስ «ምድራችንን ረገጡ፣ ሰማያችንን አልተሸከሙም» የሚል ነበር። ከግጭቱ ጀርባ የመሬት፣ የእንጨት ንግድ፣ የሥራ ሽሚያና የቆየ ቂም ነበረ። ምሳሌው ያንን ሁሉ ጠቅልሎ ወደ አንድ የባለጌ እንግዳ ታሪክ አሳነሰው። ከሸሹት መካከል እዚያው ካሊማንታን የተወለዱ ነበሩ። እንግዳ እንግድነቱ የሚያበቃው መቼ ነው? በስንተኛው ትውልድ? ምሳሌው አይናገርም፤ በዚህ ረገድ ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይሆንም።

ሦስተኛው አፍ የእርስዎ ባልደረባ ነው፤ እንግዳ ለእንግዳ። እሷም እንደ እርስዎ የረገጠችው የሰው ምድር ነው። ጅዳ የእሷ ሰማይ ስላልሆነ ልታስገብርዎ የምትፈልገው ክብር የላትም። «እኔም ይህንኑ ተሸክሜአለሁ» ነው የምትልዎት። እንዲህ ያለው ማጽናኛ ነው፤ ልክ ነዎት።

«ተገዢ» የሚለው ጥርጣሬ ግን ከባዶ አልመጣም፤ ስለዚህ ወሰኑንም ልንገርዎት። ምሳሌው የሚናገረው ስለ ሕዝብ ወግ ነው፤ ጫማ ስለማውለቅ፣ ስለ አለባበስ፣ ስለ ምግብ ሰዓት፣ ስለ ሰላምታ፣ ስለ ሃይማኖት ክብር። ደመወዝ መከልከል፣ ፓስፖርት መቀማት፣ እጅ ማንሣት የአንድ ሰው በደል ነው፤ ሰማይ ሆኖ በማንም ራስ ላይ አይወጣም። የምሳሌው ባለቤቶችም እንዲያ አልተረዱትም። በ2011 አንዲት ኢንዶኔዥያዊት የቤት ሠራተኛ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በሞት ስትቀጣ ኢንዶኔዥያ የቤት ሠራተኞችን ወደዚያ አገር መላክ አቆመች፤ በ2015 እገዳውን ወደ ሌሎች የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች አሰፋችው። በዚያን ጊዜ የተከፈተውን ቦታ ከሞሉት መካከል የእኛ አገር ልጆች እንደነበሩ፣ ኢትዮጵያም በ2013 ተራዋን ጉዞውን እንዳገደችና በ2018 እንደፈቀደች ያውቃሉ። ሰማዩን የሚሸከም ራስ የራሱ ክብር ያለው ራስ ነው፤ ይህ ከምሳሌው ጋር አይጋጭም።

በሌላውም በኩል ወሰን አለው። የሰውን ሰማይ ተሸክሞ የራሱን የረሳ ሰው በዚያው ሕዝብ ዘንድ «ቆዳውን የረሳ ኦቾሎኒ» ተብሎ ይሰደባል። ፓዳንግ ከተማ አየር ማኒስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ የተደፋ ሰው የሚመስል ድንጋይ አለ፤ ራንታው ሄዶ ከበለጸገ በኋላ ድሀ እናቱን «አላውቃትም» ያለው የማሊን ኩንዳንግ ነው ይላሉ፤ እናቱ ረግማው ከነመርከቡ ድንጋይ ሆነ። ልጆች ሁሉ ይህንን ተረት እየሰሙ ያድጋሉ። ምሳሌውና ተረቱ አንዱ ሌላውን እየጠበቁ ነው የሚኖሩት።

ለአነጋገርዎ ጥቂት ልርዳዎት። «ላንጊት» ሲሉ የ«ግ» ድምፅ መሰማት የለበትም። «እንግዳ» የሚለውን ቃል ቀስ ብለው ይጀምሩና «ግ» ላይ ሳይደርሱ ያቁሙ፤ በአፍንጫዎ የቀረችው «ን» የምትፈለገው ናት። «ዲጁንጁንግ» መጨረሻ ላይ ያለችውም ያችው ናት። የ«ዲፒጃክ» «ክ» ደግሞ አትፈነዳም፤ በጉሮሮ ትቆረጣለች። ባልደረባዎ ምሳሌውን ዳግም ብትጀምረው ሁለተኛውን ግማሽ እርስዎ ይጨርሱላት፤ ከማንኛውም መልስ የበለጠ ደስ ይላታል። ስሟን ብቻ አይጥሩ፤ በዕድሜ ስለምትበልጥዎ ጃቫዊት ከሆነች «ምባክ»፣ ሱንዳዊት ከሆነች «ቴቴህ» ብለው ያስቀድሙ፤ ሁለቱም ታላቅ እኅት ማለት ናቸው። የራስዎን ነገር መጨመር ከፈለጉ «ሳያ ማሲህ በላጃር» ይበሉ፤ «ገና እየተማርሁ ነው» ማለት ነው። ምሳሌውን ግን አዲስ ለመጣች ሠራተኛ መልሰው ለመምከሪያ አይቸኩሉ። በዕድሜም በቆይታም ከሚበልጥ ሰው ሲመጣ ነው የሚያምረው።

አሁን ስጦታው። ባልደረባዎ የምትመለሰው ወደ ገዛ ምድሯና ወደ ገዛ ሰማይዋ ነው። ወደ ቤቱ ለሚገባ ሰው የእንግዳ ምክር መጻፍ አይገጥምም፤ «በአገርሽ እንግዳ ነሽ» የማለት ያህል ሊሰማ ይችላል። ለስንብት የሚሆነው የማላይ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ባለ አራት ስንኝ ግጥም፣ ፓንቱን ነው፦

ካላው አዳ ሱሙር ዲ ላዳንግ፣
ቦሌህላህ ኪታ መኑምፓንግ ማንዲ፤
ካላው አዳ ኡሙር ያንግ ፓንጃንግ፣
ቦሌህላህ ኪታ በርጁምፓ ላጊ።

«በእርሻው ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ካለ፣ ገላችንን እንታጠብበታለን፤ ረጅም ዕድሜ ካለ፣ ደግመን እንገናኛለን» ይላል። ጉድጓዱ ምንድን ነው ብለው ወርቁን ፍለጋ አይድከሙ። በፓንቱን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች በዋናነት ለቤት መምቻ ናቸው፤ «ሱሙር» ለ«ኡሙር»፣ «ላዳንግ» ለ«ፓንጃንግ»፣ «ማንዲ» ለ«ላጊ» መንገድ ይጠርጋሉ። የእኛም የዘፈን ግጥሞች የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ሥራ እንደሚሠራ ያስታውሳሉ። ቁም ነገሩ ያለው ከሦስተኛው ስንኝ ጀምሮ ነው። ባልደረባዎ የመጀመሪያውን ስንኝ ስታይ የቀረውን ሳታነብ እንደምትለው አልጠራጠርም።

ሲጽፉት በላቲን ፊደል ይሁን፤ የምታነበው እሱን ነው። «ዲ ላዳንግ» ሁለት ቃል ስለሆነ አያጣብቁት፤ «ዲ» ቦታን ስታመለክት ተለይታ ትጻፋለች። ይህንን ኢንዶኔዥያውያንም በየማስታወቂያ ሰሌዳው ይስቱታል፤ እርስዎ ካልሳቱት መምህር ያስተማረዎት ይመስላታል። ከላይ «ኡንቱክ ምባክ» ወይም «ኡንቱክ ቴቴህ» ብለው ስሟን ያስከትሉ፤ «ኡንቱክ» እንደ አማርኛው «ለ» ናት። ከሥር ደግሞ ስምዎንና የመጡበትን ከተማ ይጻፉ።